ዥንጉርጉሩ ጥሩምባ አበባ፦ ለላስ ቬጋስ የትኛው፣ ለዋይትሆርን የትኛው?

ጓሮና በረንዳ

እኛ ሰፈር፣ ዋይትሆርን፣ አጥር ሥር የተከመረው ስኖው ቀልጦ ያለቀው ገና በቅርቡ ነው። ባቡር ጣቢያው አካባቢ ያለው ሣር አረንጓዴ መሆን ሲጀምር የእኔም ስልክ መጮህ ይጀምራል። «ቲማቲሙን መቼ ላውጣው?» «ቃሪያዬ ለምን ቢጫ ሆነ?» ይባላል። የዚህ ወር ጥያቄ ግን የጎመንም የቃሪያም አይደለም፤ የአበባ ነው።

አንዲት የሰፈራችን እናት እንዲህ ብላ ጽፋልናለች፦

«አዲስ አበባ ያደግንበት ግቢ በሩ አጠገብ ትልልቅ ነጭ አበባ ወደ ታች የሚያንጠለጥል ዛፍ ነበር። እኛ ጥሩምባ አበባ ነበር የምንለው። ማታ ማታ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። አሁን እኔ ካልጋሪ ነኝ፣ ታናሽ እህቴ ላስ ቬጋስ ናት። በቀደም ቅጠሉ ነጭና አረንጓዴ የሆነ ጥሩምባ አበባ ስልኳ ላይ አይታ ላከችልኝ። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ገዝተን፣ በአንድ ቀን ተክለን፣ ፎቶ እየተላላክን ብናሳድግ ብለን ጓጓን። ግን እሷ ዘንድ ሙቀቱ አይጣል ነው። የትኛውን እንግዛ? ለሁለታችንም የሚሆን አንድ ዓይነት አለ ወይ? እሷ የሁለት ዓመት ልጅ አላት፤ የእኔዎቹ ስድስትና ዘጠኝ ናቸው።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጨረሻዋ መስመር ባትኖር ኖሮ መልሴ አጭር ይሆን ነበር። እስቲ መጀመሪያ ስለ ተክሉ፣ ቀጥሎ ስለ ሙቀቱ፣ ከዚያም ስለ እኛ ስለ ካልጋሪ ልንገርሽ። መጨረሻ ላይ እኔ ቤት የሆነውን አጫውትሻለሁ።

ደጋኛና ቆለኛ

የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ብሩግማንሲያ ነው። ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1805 ሲሆን፣ ብሩግማንስ ለተባለ የሆላንድ ሊቅ መታሰቢያ ነው። ፈረንጆቹ በተለምዶ «ኤንጅልስ ትራምፔት» ይሉታል፤ የመልአክ መለከት ማለት ነው። ይቺን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው የአገራችን ተክል ይመስለናል። አይደለም። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። የሚገርመው፣ ዛሬ እዚያም በዱር በቅሎ አይገኝም። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የብሩግማንሲያ ዝርያዎችን «ከዱር የጠፉ» ብሎ መዝግቧቸዋል። ያለው ሁሉ ሰው ተክሎት፣ ሰው ተንከባክቦት የሚኖር ነው። እንደ እኛው ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር ቤት የሠራ ነው ማለት ይቻላል።

«የአፍሪካ አበባ ነው፣ ስለዚህ ሙቀት ይችላል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። አንደኛ የአፍሪካ አይደለም። ሁለተኛ አዲስ አበባ ሞቃት ከተማ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ደጋ ናት፤ ቀኗ ለስላሳ፣ ሌሊቷ ብርድ ነው። ተክሉ እናንተ ግቢ ያማረበት ለዚያ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች የመጡት የአንዲስ ተራሮች ከሚባሉት ከፍታዎች ነው። አዲስ አበባ ለእነሱ እንደ አገራቸው ነች።

ሁሉም ግን ደጋኛ አይደሉም። ለላስ ቬጋስ ለሚመርጥ ሰው ዋናው ነገር ይኸው ነው። «ሳንጉዊኒያ»፣ «አርቦሪያ» እና «አውሪያ» የሚባሉት ደጋኞች ናቸው፤ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘላቸው ይታመማሉ። «ሱአቬኦለንስ» ከብራዚል ደቡብ ምሥራቅ የባሕር ጠረፍ አካባቢ፣ «ቨርሲከለር» ደግሞ ከኢኳዶር ቆላ የመጡ ናቸው። እነዚህ ቆለኞቹ ሙቀት ይችላሉ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ግን አብዛኛው ድቅል ነው፤ የደጋውም የቆላውም ደም አለው። ለምሳሌ «ካንዲዳ» የሚባለው ከደጋኛው አውሪያና ከቆለኛው ቨርሲከለር የተወለደ ነው።

ዥንጉርጉርነቱ ምን ያስከፍላል?

ስለ ነብር ዥንጉርጉርነት የሚባለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህ ተክል ግን ዥንጉርጉርነቱን ይለውጣል! እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

ቅጠል ማለት የተክሉ ወጥ ቤት ነው። ምግብ የሚሠራው አረንጓዴው ክፍል ነው፤ እዚያ ክሎሮፊል የሚባለው ነገር አለ። ነጩ ወይም ክሬም የመሰለው ጠርዝ ክሎሮፊል የለውም። ስለዚህ አይሠራም፤ ይበላል እንጂ አያበስልም። ግማሹ ወጥ ቤት የተዘጋበት ቤት ደግሞ ቤተሰቡን በደንብ መመገብ አይችልም። ዥንጉርጉር ተክል ከሙሉ አረንጓዴው ይልቅ ቀስ ብሎ የሚያድገው ለዚህ ነው። ያ ነጭ ጠርዝ ፀሐይም አይችልም። በጠራራ ፀሐይ መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው፤ ቡናማ ሆኖ እንደ ወረቀት ይደርቃል። ፎቶ ላይ ዓይናችንን የሳበው ክፍል ሙቀት ሲመጣ ደካማው ክፍል ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ከዥንጉርጉሩ ተክል መሃል ሙሉ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ይወጣል። ይህ ቅርንጫፍ ወጥ ቤቱ ሙሉ ስለሆነ ቶሎ ያድጋል፤ ዝም ካላችሁት ሌላውን ሁሉ ይበልጠውና ተክሉ ወደ አረንጓዴነት ይመለሳል። እንዳያችሁት ከመነሻው ቁረጡት። ሙሉ ነጭ ቅርንጫፍም ሊወጣ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ራሱን መመገብ ስለማይችል አይቆይም።

ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ቅጠሉ የተዥጎረጎረ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ብሩግማንሲያ በቫይረስ ይጠቃል፤ የታመመ ቅጠልም የተዥጎረጎረ ይመስላል። ጤነኛው ዥንጉርጉር ቀለሙ ጥርት ያለ፣ ነጩና አረንጓዴው ድንበራቸው የሚታይ፣ አዲሱ ቅጠል ከአሮጌው ጋር የሚመሳሰል ነው። የታመመው ግን ቢጫው ደብዛዛ ነው፤ ቅጠሉ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ከተጠራጠራችሁ ተዉት፤ ርካሽ ቢሆንም ተዉት።

ለሞቃት አገር ሲመረጥ

አሁን ወደ ታናሽ እህትሽ እንሂድ። ላስ ቬጋስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 ሙቀቱ 48.9 ዲግሪ ደርሶ የከተማዋ ክብረ ወሰን ሆኗል። አየሩ ደረቅ ነው፤ በበጋ ሌሊቱም አይቀዘቅዝም። ይህን ይዛ ወደ ሱቅ ስትሄድ እነዚህን ትይ፦

አንደኛ፣ ዘሩን ትጠይቅ። ሻጩ «የሱአቬኦለንስ ወይም የቨርሲከለር ደም አለው» ካላት ጥሩ ነው። ሻጩ ካላወቀ ሌላ ጥያቄ ትጠይቅ፤ «ይህ ተክል ያለፈውን ሰመር እዚሁ ከተማ ውጭ አሳልፏል ወይ?» ትበል። እዚያው ሙቀት ውስጥ ያደገ ችግኝ ከቀዝቃዛ ግሪንሃውስ ተጭኖ ከመጣው በብዙ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የቅጠሉን ነጭ መጠን ትመልከት። መሃሉ በሰፊው አረንጓዴ፣ ጠርዙ ብቻ ክሬም የሆነውን ትምረጥ። ከግማሽ በላይ ነጭ የሆነው ሱቅ ውስጥ ሲታይ ያምራል፤ በጁላይ ግን አያምርም። ገበያ ላይ ከሚታወቁት ዥንጉርጉሮች መካከል «ስኖውባንክ»፣ «ማያ»፣ «ሰንሴት» እና «ፒቸስ ኤንድ ክሪም» አሉ። አበባቸው ወደ ኮክ ቀለም የሚያደላ ነው። «ስኖውባንክ» ክሬሙ ሰፊ ስለሆነ ለቀዝቃዛ ቦታ እንጂ ለበረሃ አልመርጠውም።

ሦስተኛ፣ ግንዱን ትይ። ብሩግማንሲያ የሚያብበው ግንዱ እንደ ወንጭፍ ባላ ለሁለት ከተከፈለ በኋላ ነው። ከባላው በላይ ካለው ቅርንጫፍ ተቆርጦ የተባዛ ችግኝ ቶሎ ያብባል፤ ከባላው በታች የተቆረጠው ግን ቁመቱ እስኪደርስ ያስጠብቃል። ባላ ያለው ችግኝ ካገኘች ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ይሻላታል።

አራተኛ፣ ቦታውን አስቀድማ ታዘጋጅ። የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝ፣ ከቀትር በኋላ ሙሉ ጥላ የሆነ የምሥራቅ ግድግዳ ተመራጭ ነው። ፖቱ ትልቅና ቀለሙ ነጣ ያለ ይሁን፤ ጥቁር ፖት ሥሩን ይቀቅለዋል። አፈሩ ላይ ወፍራም ጉዝጓዝ ታልብስ። ውኃ ጠዋት ጠዋት፣ ከፖቱ ሥር እስኪፈስ ድረስ ትስጠው። ቀትር ላይ ቅጠሉ ቢጠወልግ አትደንግጥ፤ ማታ ራሱ ቀና ይላል። ማታም ካልተነሳ ግን ውኃ ጠምቶታል። የዚያ አካባቢ ውኃ ጨውና ኖራ ስለሚበዛው የቅጠሉን ጫፍ ሊያቃጥል ይችላል፤ አልፎ አልፎ አፈሩን በብዙ ውኃ ማጠብ ይጠቅማል።

አምስተኛ፣ ደረቅ ሙቀት ስፓይደር ማይት የሚባለውን ጥቃቅን ተባይ ይጠራል። በየሳምንቱ የቅጠሉን ጀርባ መገልበጥና በውኃ ማጠብ ነው መድኃኒቱ።

እንዲህም ሆኖ እውነቱን ልንገርሽ። ሌሊቱ ሳይቀዘቅዝ ሲቀር ተክሉ እምቡጡን ያረግፋል። ላስ ቬጋስ ውስጥ አበባ የሚጠበቀው በስፕሪንግና በፎል ነው። በሰመር ያለው ሥራ ተክሉን በሕይወት ማቆየት ብቻ ነው።

ለእኛ ለዋይትሆርን ሰዎች

የእኛ ችግር የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ካልጋሪም ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯ ደረቅ ነው፣ በጁን ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጁን መጨረሻ ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያለፈበትን ሳምንት የማያስታውስ የለም። ነጭ ጠርዝ ያለው ቅጠል እዚህም ይቃጠላል። ሌሊታችን ስለሚቀዘቅዝ ግን አበባው በሰመር አይቋረጥም። በዚህ በኩል ካልጋሪ ከላስ ቬጋስ ይልቅ አዲስ አበባን ትመስላለች።

መሬት ላይ ግን አትትከሉት፤ በፖት ይሁን። ውርጭ ይገድለዋል። ሜይ ሎንግ ዊኬንድ ላይ ለማውጣት አትቸኩሉ፤ ጁን ይግባ። ስታወጡትም መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ፣ በማግስቱ ሁለት ሰዓት እያላችሁ አሥር ቀን ያህል አለማምዱት። ሴፕቴምበር ሲገባ፣ ሌሊቱ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ ወደ ቤት አስገቡት። ዊንተሩን ቤዝመንት ውስጥ፣ ከፈርነሱ ርቆ ቀዝቀዝ ያለ ጥግ ተቀምጦ ማሳለፍ ይችላል። ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሞተ ብላችሁ አትጣሉት። ተኝቶ ነው። አፈሩ ጭራሽ እንዳይደርቅ ብቻ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ትንሽ ውኃ ስጡት።

በረዶውንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2020 ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪን የደበደበው በረዶ የስንቱን ቤት ግድግዳና መኪና እንደበሳሳ እናውቃለን፤ በኦገስት 2024ም ተደገመ። የዚህ ተክል ቅጠል እንደ ቆንጆ ጎመን ሰፊ ነው፤ አንድ ደቂቃ በረዶ ወንፊት ያደርገዋል። ፖቱን ጎማ ባለው ማስቀመጫ ላይ አድርጉት፤ ሰማዩ ሲጠቁር ገፍታችሁ ጣሪያ ሥር ታስገቡታላችሁ።

ደግሞ ውኃ ጠጪ ነው። በጁን 2024 ትልቁ የከተማው የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ ጓሮ ማጠጣት ሲከለከል የዝናብ ውኃ በበርሜል ያጠራቀመ ሰው አበባው አልደረቀበትም። ጣሪያችሁ ሥር በርሜል ብታስቀምጡ አይቆጫችሁም።

እኔ ቤት የሆነው

አሁን ወደዚያች ወደ ያዝኩላችሁ ስም ልመለስ።

አራት ዓመት ሆነው። ኦገስት ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። የእኔም ተክል ዥንጉርጉር ነበር፤ በረንዳው ላይ ሰባት አበባ አንጠልጥሎ ነበር። ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። የረገፉትን አበቦች እየለቀመች አንዱን እንደ ቆብ ራሷ ላይ ታደርጋለች፣ ሌላውን ለአሻንጉሊቷ ቀሚስ ታለብሳለች። እኔ ደስ ብሎኝ ፎቶ አነሳኋት። «እማዬ፣ እኔም እኮ አንቺ ግቢ እንዲህ ነበር የምጫወተው» ብዬ ፎቶውን አዲስ አበባ ላክሁላት።

ማታ ራት ላይ ባለቤቴ «ዓይኗን እይው እስቲ» አለኝ። የግራ ዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ሰፍቶ ቡናማው ሊጠፋ ደርሷል። የቀኙ እንደ ወትሮው ነው። «እማ፣ ይሄኛው ዓይኔ በደንብ አያይም» አለች።

ድንገተኛ ክፍል እንዴት እንደደረስን አላውቅም። «ወድቃለች? ራሷን ተመትታለች?» እያሉ ጠየቁን። የአንድ ዓይን ብሌን ብቻ ሲሰፋ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚፈሩት የጭንቅላት ጉዳት ነው። ለራስ ምርመራ ሊወስዷት ሲዘጋጁ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያኔ አንዲት ሐኪም መጥታ «ዛሬ ቀኑን በምን ስትጫወት ዋለች?» አለችኝ።

«በአበባ።»

«በምን አበባ?»

ስሙን አላውቀውም! እኔ የማውቀው ጥሩምባ አበባ ነው። «ፍላወር… ቢግ… ፒንክ…» አልኩ። ስንት ዓመት የሠራሁበት እንግሊዝኛ በዚያች ሰዓት ጥሎኝ ጠፋ። ከዚያ ፎቶው ትዝ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። አንድ ጊዜ አየችውና «ኤንጅልስ ትራምፔት» አለች። ወዲያው ወደ መርዝ መረጃ ማዕከል ደወለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ተክል ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ዘሩም፣ ሥሩም፣ ጭማቂውም መርዝ አለው። ስኮፖላሚን፣ አትሮፒንና ሃዮሳያሚን ይባላሉ። የአገራችን ገበሬ አስተናግር ወይም ዕፀ ፋሪስ የሚለው ፍሬው እሾሃም አረም የቅርብ ዘመዱ ነው፤ መርዛቸውም አንድ ዓይነት ነው። አስተናግር የተባለበትን ምክንያት ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የበላውን ሰው ያስቀባጥረዋል። ጭማቂው የነካው ጣት ዓይን ውስጥ ከገባ ብሌን ያሰፋል። ከተበላ ደግሞ አፍ ይደርቃል፣ ፊት ይቀላል፣ ትኩሳት ይነሳል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ይመጣል፤ ሊገድልም ይችላል። ልጄ አልበላችውም። አበባውን ነክታ ዓይኗን አሽታ ነው። ለጥቂት ሰዓታት ልቧን እየተከታተሉ አቆይተው ወደ ቤት ሰደዱን። ዓይኗ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ።

በማግስቱ ለእማዬ ደወልኩ። ዝም ብላ ሰማችኝና «መቼ ነው አንቺ በእሱ አበባ የተጫወትሽው? እንዳትነኩት እያልኩ፣ ከሥሩ እያባረርኩ አይደል ያሳደግኋችሁ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ትዝ አለኝ። አለንጋ ይዛ ከዛፉ ሥር ስታባርረን ታየኝ። እኔ ሽታውን ይዤ መጣሁ፤ ማስጠንቀቂያውን እዚያው ረስቼው መጣሁ። ስደት እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ፤ ደስ የሚለውን ብቻ እየመረጥን እንሸከማለን። እዚያ ግቢ እናት ነበረች፣ አያት ነበረች፣ ጎረቤት ነበር፤ ሁሉም «ተው!» ይላል። እዚህ በረንዳ ላይ እኔና ስልኬ ብቻ ነበርን።

ታዲያ መልሱ ምንድነው?

እህቴ፣ መልሴ ይኸውልሽ።

ታናሽ እህትሽ አሁን አትግዛው። ከሙቀቱ በፊት የሚቀድመው የሁለት ዓመቱ ልጅ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። «አትንካ» ቢባልም ገና አይገባውም። ልጁ ከፍ እስኪል ዥንጉርጉር ሂቢስከስ ትትከል። «ስኖው ክዊን» የሚባለው ቅጠሉ ነጭና አረንጓዴ፣ አበባው ቀይ ነው፤ ሙቀት ይወዳል፣ ልጅም አይመርዝም። የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ጥላ ለእሱም ይስማማዋል። ልጁ ሲያድግ ቆለኛውን፣ መሃሉ ሰፊ አረንጓዴ የሆነውን ጥሩምባ አበባ ትገዛለች።

አንቺ ከፈለግሽ መግዛት ትችያለሽ፤ ልጆችሽ የሚነገራቸውን የሚሰሙ ከሆነ፣ አንቺም ይህን ሁሉ ለማድረግ ዝግጁ ከሆንሽ። ፖቱ ልጆች ከሚጫወቱበት ይራቅ። የረገፈውን አበባ ጠዋት ጠዋት አንቺው ልቀሚው። ስትቆርጪው ጓንት አድርጊ፤ እጅሽን ሳትታጠቢ ዓይንሽን አትንኪ። ከጎመንና ከጤና አዳም አጠገብ አታስቀምጪው፤ በስህተት ተቀንጥሶ ድስት እንዳይገባ። ውሻና ድመትንም ይመርዛል። ይህ ሁሉ ከከበደሽ ግን አንቺም ሂቢስከሱን ግዢ፤ ሁለታችሁ አንድ ዓይነት ተክል የማሳደግ ሐሳባችሁም ያኔ ይሞላል። ማፈር የለበትም። እኔ ያንን ተክሌን ለሁለት ዓመት ልጅ ለሌላት ወዳጄ ሰጥቼ፣ ልጄ ሰባት ሲሞላት ነው ከእሷ ቅርንጫፍ ወስጄ እንደገና የተከልኩት።

ከአንቺ ተክል ቆርጠሽ በሻንጣ ለእህትሽ ልውሰድላት እንዳትይ። ከካናዳ ወደ አሜሪካ የሚገባ ለተከላ የሚሆን ተክል የጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። እያንዳንዳችሁ በየከተማችሁ ግዙ።

ደግሞ ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርጉ፤ እሷም አንቺም፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ። ቤታችሁ ያለውን ተክል ሁሉ ስም በእንግሊዝኛ ፖቱ ላይ ጻፉ። የማታውቁትን ፎቶ አንስታችሁ የአበባ ሱቅ ጠይቁ። ልጅ አንድ ነገር ነክቶ ወይም በልቶ ከሆነ አፉንና እጁን በውኃ እጠቡ፤ ዓይኑ ከሆነ በብዙ ውኃ እጠቡት። እንዲያስመልሰው አታድርጉ። በአልበርታ 1-800-332-1414፣ ከኩቤክ በስተቀር በሌላው ካናዳ 1-844-764-7669፣ በአሜሪካ 1-800-222-1222 ወደ መርዝ ማዕከል ደውሉ። ካቃዠው፣ ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው 911 ነው። እንግሊዝኛው ከጠፋባችሁ አትፈሩ፤ «አምሃሪክ» በሉ፣ አስተርጓሚ ይፈለግላችኋል።

ለልጆች

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? ለእናንተም ሥራ አለኝ።

«ስፓይደር ፕላንት» የሚባለውን ተክል ታውቁታላችሁ? ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን ነው፤ መሃሉ ወይም ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር አለው። የትውልድ አገሩ አፍሪካ ነው። እሱም ዥንጉርጉር ነው፤ ግን አይመርዝም። አንድ አስገዙና መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። በየሳምንቱ አንድ ቅጠል መርጣችሁ ሥዕሉን ሳሉ። ነጩ የቱ ጋ ነው? አረንጓዴው የቱ ጋ ነው? ምግብ የሚሠራው ወጥ ቤት የትኛው ነው? ትልቅ ሲሆን ትንንሽ ልጆች በረጅም ክር ያንጠለጥላል፤ አንዱን ቆርጣችሁ ውኃ ውስጥ ብታደርጉት ሥር ያወጣል። ለጓደኛችሁ ስጡት።

ሁለተኛው ሥራ ይኸውላችሁ። የአይስክሬም እንጨት ውሰዱ። በአንድ በኩል የተክሉን ስም በአማርኛ፣ በሌላው በኩል በእንግሊዝኛ ጻፉ። የሚመርዝ ከሆነ ጫፉን ቀይ ቀቡት። አማርኛውን እንዴት እንደሚጻፍ ካላወቃችሁ አያታችሁ ጋ ደውሉና ጠይቁ። ስትጠይቁ ሌላም ጠይቋት፤ «አያቴ፣ እናቴን ልጅ ሳለች ከምን ከምን ነበር የምትከለክያት?» በሏት። የሰማችሁትን ለእናታችሁ ንገሯት። እናቶች አንዳንዴ ይረሳሉ።

የእኔ ልጅ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በረንዳችን ላይ ያለው ፖት ላይ እንጨቱን የሰካችው እሷ ናት፤ በአንድ በኩል «ጥሩምባ አበባ»፣ በሌላው «ኤንጅልስ ትራምፔት» ይላል። ጫፉ ቀይ ነው። ከሥሩ ደግሞ ማንም ሳያዛት በራሷ የአማርኛ ጽሑፍ «አትንኩ» ብላ ጨምራለች። ፎቶውን ለእማዬ ላክሁላት። «በርቱ» ብላ መለሰችልኝ።

በሚቀጥለው ወር ስለ ቲማቲምና ስለ በረዶ መከላከያ መረብ እንጫወታለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑልኝ።